የሁለት ሰው ፍራሽ

ሀሴት በቀን አራት መቶ ጊዜ ያህል «አይቻለሁ» ትላለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ደንበኛው ዕቃውን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣል፣ ፊቱን ወደ መስታወቱ ያዞራል፣ ከመስታወቱ በላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ ወይ ቀይ ትበራለች። ከዚያ ሀሴት የሰውየውን ዓይን አይታ ቃሏን ትሰጣለች፤ ቃሏም በድምፅ ይቀዳል። መብራቷ ብቻዋን ብትበራ ሽያጩ አይጸናም፤ ሕጉ የሰው ዓይን ይፈልጋል። ለምን እንደሚፈልግ የሚያስታውስ ሰው ግን ደሴ ውስጥ አልነበረም።

ዘመኑ 2097 ዓ.ም. ነው። ድሮ ዕድሜ የሚጠየቀው ለቢራና ለሲጋራ ብቻ ነበር ይባላል። ዛሬ ጨው ከሃምሳ አምስት ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በሣምንት ሁለት ማንኪያ ነው፤ ቅቤ ከስልሳ በላይ በሐኪም ወረቀት፤ መሰላል ከስልሳ አምስት በላይ ጭራሽ የለም። ከዐሥራ ስምንት በታች ላለ ሰው ምላጭም የሐዘን ዘፈንም አይሸጥም። ሰው ለምዶታል። እናቶች ልጆቻቸውን ሲልኩ ዕቃውን ሳይሆን መጀመሪያ ዕድሜውን ያስባሉ፤ ሽማግሌዎች ቅቤ ባማራቸው ቀን ከልጅ ልጃቸው ጋር ይታረቃሉ።

ቁጥሩን ግን ማንም አያይም። የሰው ዕድሜ የግል ምሥጢሩ ነው ተብሎ በማዕከል ታሽጎ ተቀምጧል፤ ለሻጭም፣ ለፖሊስም፣ ለባለቤቱ ለራሱም አይገለጥም። የሚታየው መብራት ብቻ ነው። መብራት ደግሞ አይከራከሩትም።

በጥር የመጀመሪያው ሰኞ ጋሼ ናሆምና እትዬ ሩሐማ ፍራሽ ሊገዙ መጡ። ጋሼ ናሆም የቁልቁለት ሠፈር ሰው ነው፤ ሀሴትም እዚያው ስላደገች ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች። ጃንጥላ ይጠግናል። ደሴ ክረምቱ ረጅም ስለሆነ ሥራ አጥቶ አያውቅም፤ እጁ የሚፈታው በጥር ብቻ ነውና ሠርጉንም ለጥር ሃያ ቆርጦታል። ከሚስቱ ሞት በኋላ ዘጠኝ ዓመት ብቻውን ኖሯል። እትዬ ሩሐማ የገራዶ ሴት ናት፣ ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህር፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ ስትናገር እንደምታርም ዓይነት። ጃንጥላዋን ልታሠራ ሄዳ ነው የተዋወቁት። ጃንጥላው ሦስት ጊዜ ተሠርቶ ሦስቱንም ጊዜ መበላሸቱ ሠፈሩን ሲያስቅ ከርሟል።

ፍራሹን መርጠውታል። ዋስትናው ዐሥራ አምስት ዓመት ነው። እዚህ ላይ አንድ ደንብ አለ፦ ከሰባ ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ዋስትናው ከዐሥር ዓመት የሚበልጥ ዕቃ አይሸጥም። ምክንያቱ በደንቡ መግቢያ በትሕትና ተጽፏል፤ «ዕቃው ባለቤት አልባ እንዳይቀር» ይላል። የሁለት ሰው ፍራሽ ሲሆን ደግሞ የሁለቱም መብራት ይጠየቃል።

እትዬ ሩሐማ ፊቷን አሳየች፤ አረንጓዴ። ሀሴት አይቻለሁ አለች። ጋሼ ናሆም ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን አሳየ፤ ቀይ። መስታወቱን በእጅጌው ወልውሎ ደገመ። ቀይ።

ሀሴት ደንቡን መናገር ነበረባት፤ ተናገረች። ከዚያም ደንቡ አማራጭ እንድታቀርብ ያስገድዳታልና፣ ለእትዬ ብቻ የሚሆን የአንድ ሰው ፍራሽ እንዳለ ነገረቻቸው። አፏን ከመዝጋቷ አፈረች።

«ናሆም፣ ስልሳ ሁለት ነው ያልከኝ» አለች እትዬ ሩሐማ።

«ስልሳ ሁለት ነኝ።»

«ታዲያ መብራቱ ዋሽቶ ምን ያተርፋል?»

ሌላ ሴት ብትሆን ነገሩ በሳቅ ባለፈ። የእትዬ ሩሐማ የመጀመሪያ ባል ግን ኮምቦልቻ ሌላ ትዳር እንዳለው ሳይነግራት ዐሥራ አንድ ዓመት አብሯት ኖሯል። ለሁለተኛ ጊዜ ለማግባት እሺ ስትል አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቀችው፤ እንዳይዋሻት። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ጃንጥላዋን ትታው ሄደች፤ ጋሼ ናሆም ጃንጥላውን ይዞ በሩ ድረስ ተከተላትና እዚያው ቆሞ ቀረ።

ከኋላ ተሰልፎ የነበረ ሰው «የቁልቁለት ሠፈር ሰው ቶሎ ያረጃል» ብሎ አሾፈ። የታወቀ ቀልድ ነው። የዚያ ሠፈር ሰዎች ከሌላው ቀድመው ቅቤ ይከለከላሉ፤ ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ ቁልቁለቱን መውጣት መውረዱ ነው ይላሉ። ከሃያ ዓመት በፊት ደግሞ ቀልዱ የተገላቢጦሽ ነበር፤ የቁልቁለት ልጆች ገና ድምፃቸው ሳይጎረንን ቢራ ይሸጥላቸው ስለነበር ቶሎ ይጎረምሳሉ ይባሉ ነበር። ሀሴት ሁለቱንም ቀልድ ስትናገር ኖራለች። አንዱን ከሌላው ጋር አያይዛ አስባ ግን አታውቅም።

በማግስቱ ሱቁ እንደተከፈተ ጋሼ ናሆም ብቻውን መጣ። ሌሊቱን እንዳልተኛ ያስታውቃል። ከኮቱ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። ቢጫ የክትባት ካርድ ነበር፤ እናቱ ያስቀመጠችለት።

«ሀሴት፣ አንቺ የሠፈሬ ልጅ ነሽ፤ እስቲ እይልኝ» አላት። «ማታ በጣቴ ስቆጥር አደርኩ። ራሴን መጠርጠር ጀምሬያለሁ።»

የተወለደበት ቀን በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል፤ መስከረም 3 ቀን 2035። ከዘጠና ሰባት ላይ ሠላሳ አምስት ሲነሳ ስልሳ ሁለት ነው። እንዲህ ያለውን ሒሳብ ሕፃንም አይስተውም። ሀሴት ልታጽናናው ብላ ካርዱን አገላበጠችው፤ ጀርባው ላይ በአረንጓዴ እስክሪብቶ «ተመዝግቧል» የሚል ቃል፣ ከሥሩም አንዲት «ሀ» አየች። «ሀ»ዋ ጭራዋ ወደ ላይ የታጠፈ ናት። ሀሴት ስሟን ስትጽፍ እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የምታጥፋት።

ካርዱን ለጥቂት ቀን እንዲተውላት ጠየቀችው፤ እሱም ሌላ ተስፋ የለውምና ተወላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2073 ክረምት ሀሴት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ተቀምጣ ሳለ የሠፈሩን ነዋሪ ወደ አዲሱ መዝገብ የሚገለብጥ ሰው ተፈለገ። ዕድሜዋን የጠየቃት የለም፤ ረጅም ስለነበረች ትልቅ ሰው መስላቸው ቀጠሯት። በቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበው አንድ ካርቶን ሙሉ የክትባት ካርድና የክርስትና ወረቀት ሰጧት፤ አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው። የራሷም ካርድ ከውስጡ ነበር። አሠሪዋ ችኩል ሰው ነበር፣ እንዳለ ገልብጪው ብሏት ሄደ። እሷም እንዳለ ገለበጠችው፤ መስከረምን አንደኛ ወር፣ ጥቅምትን ሁለተኛ ወር እያለች፣ ዓመቱንም እንደተጻፈው። ቅጹ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሞላ ነበር። በጥጉ ላይ ለምሳሌ የተቀመጠው ቀን 2081 ይል እንደነበር አሁን በደንብ ትዝ አላት። ያኔ ያየችው ጊዜ ገና ያልደረስንበትን ዓመት ጻፉ ብላ ስቃባቸው ነበር።

ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሠፈር ሰው በእሷ እስክሪብቶ አርጅቶ ኖሯል። ቁጥሩ ታሽጎ ስለተቀመጠ ማንም አላየውም።

ለፈረቃ ኃላፊዋ ለነጂብ ነገረችው። ነጂብ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ነገር በማለስለስ ነው። ሰውየው በመብራቱ ላይ አቤቱታ ያስገባ አላት። አቤቱታ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሰባት ዓመት ያህል ነው። ጋሼ ናሆም ውሳኔው እስኪደርሰው በእውነትም ሰባ ሊሞላው ምንም አይቀረውም። ሌላው መንገድ አጭር ነው፤ መዝገቡን ያበላሸው ሰው ራሱ ቀርቦ ጥፋቱን ካመነ በዐሥር ቀን ይታረማል። ግን መዝገብ ያሳሳተ ሰው የተመልካችነት ፈቃዱን ለዕድሜ ልኩ ያጣል፤ ቦርዱ ከፈለገም እስር አለበት። ሀሴት ከዚህ ሥራ ሌላ አታውቅም፤ ልጆቿን ያሳደገችው «አይቻለሁ» እያለች ነው።

ሁለት ቀን ምንም ሳታመለክት ሠራች። በሁለቱ ቀን ውስጥ ከሠፈሯ የመጡ ስድስት ሰዎች ቀይ በራባቸው፤ ከስድስቱ አንዷ ያስተማረቻት የአማርኛ መምህሯ ነበረች፤ ለበዓል ግማሽ ኪሎ ቅቤ ፈልጋ። መምህሯ ቅቤውን ወደ መደርደሪያው ራሷ መልሳ በጥንቃቄ አስተካክላ አስቀመጠችው። ሀሴት ያን ቀን ምሳ አልበላ አላት።

ሐሙስ ከሰዓት ፈቃድ ጠይቃ ገራዶ ወረደች። እትዬ ሩሐማ በሯን ከፈተችላት እንጂ ግቢ አላለቻትም። ናሆም ልኮሽ ከሆነ ተመለሺ አለቻት። ሀሴት ማንም አልላከኝም ብላ ካርዱን ሰጠቻት፣ ጀርባውን አሳየቻት፣ ስለ ካርቶኑና ስለ ቅጹ አንዱንም ሳትሸሽግ ነገረቻት።

እትዬ ሩሐማ ካርዱን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች፤ ሀሴትም ተከተለቻት። መምህርቷ መነጽሯን አድርጋ ወረቀት ሳበች። በአንድ በኩል መስከረም 2035ን ወደ ፈረንጅ ቀየረች፣ በሌላ በኩል በቅጹ የገባውን ጻፈች፣ ቀነሰች። ሥሩ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

«ሰባት ዓመት ከስምንት ወር» አለች። «ሰባ የሞላው በዚህ በፈረንጅ ወር ነዋ፤ በወረቀት።»

«አዎ።»

«ስለዚህ አልዋሸኝም።»

«አልዋሸም፣ እትዬ። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ሳላውቅ።»

እትዬ ሩሐማ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሀሴት የምታለቅስ መስሏት ተነሣች፤ እሷ ግን እየሳቀች ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ተጭኗት የነበረ ሸክም ሲወርድላት በዓይን ይታያል። ቀና ስትል ዓይኗ እርጥብ ነው፤ እንደገና የሒሳብ መምህር ሆና ግን ጥያቄ ጀመረች። ያንቺም ካርድ ከካርቶኑ ውስጥ ነበር ወይ አለቻት። ሀሴት ነበር አለቻት። ስትገለብጪ ስንት ዓመትሽ ነበር አለቻት። ሃያ። መዝገቡ ግን ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ነበረች ብሎ ያስባል አለችና እትዬ ሩሐማ ይህንንም በወረቀቱ ጥግ ጻፈችው። ለምን እንደጻፈችው ሁለቱም አላወቁም።

«አንቺስ ምን ያደርጉሻል?» አለቻት ስትሸኛት።

«ፈቃዴን ይወስዱታል።»

«እና ይህን እያወቅሽ ነው የመጣሽው?»

ሀሴት ትከሻዋን ነቀነቀች። ዳገቱን ስትወጣ ግን እግሯ ቀሎት ነበር፤ ሥራዋን እንደምታጣ ያወቀ ሰው እንዲህ መሆን የለበትም ብላ በራሷ ተገረመች።

ማመልከቻውን በዚያው ምሽት አስገባች። አጭር ነው፤ ስሟን፣ ዓመቱን፣ የሰዎቹን ብዛትና «እኔ ነኝ ያሳሳትኩት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። በየቀኑ ባንኮኒዋን ስትለቅ መሳቢያዋን ባዶ እያደረገች መውጣት ጀመረች፤ ማበጠሪያዋን፣ የእጅ ቅባቷን፣ የልጆቿን ፎቶ ቀስ በቀስ ወደ ቤት ወሰደች። ነጂብ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ጋሼ ናሆምና እትዬ ሩሐማ ታርቀዋል፤ ፍራሹ ባይፈቀድ የድሮውን አልጋ ጠግኖ እንደሚያስተኛት ጃንጥላ ጠጋኙ ለሠፈሩ ተናግሯል። እትዬ ሩሐማ ጃንጥላዋን እያስታወሰች፣ የሱን ጥገና አውቀዋለሁና ወለል ላይ ብተኛ ይሻለኛል ብላለች አሉ።

ደብዳቤው በጥር ዐሥራ ስምንት ደረሰ። ሀሴት ባንኮኒዋ ላይ ቆማ ከፈተችው፤ ቸኩላ ጥጉን ቀደደችው። የመዝገብ ቦርዱ በቀዝቃዛ ቋንቋው የአራት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ልደት ከዕለቱ ጀምሮ በሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ፊት ተገፍቶ እንዲታረም መወሰኑን ይገልጻል። ሠላሳ ስድስቱ ሞተዋል፤ የእነሱም ይታረማል። በስሕተቱ ምክንያት ያለ ዕድሜ የተጠጣ ቢራ አይጠየቅበትም።

ሁለተኛው አንቀጽ ስለ እሷ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ አልገባት ሲል ለነጂብ ሰጠችው። ነጂብ ጉሮሮውን ጠርጎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦

«አመልካቿ ጥፋቱን በፈጸሙ ጊዜ ዕድሜያቸው፣ ከላይ በተወሰነው እርማት መሠረት ሲሰላ፣ ሃያ ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። ከሃያ አንድ ዓመት በታች የሆነ ሰው በሕዝብ መዝገብ ላይ ያኖረው ፊርማ እንደ ራሱ ፊርማ አይቆጠርም። ስለዚህ አመልካቿ የሚጠየቁበት ምክንያት የለም፤ ፈቃዳቸውም እንደጸና ይቆያል።»

ነጂብ ወረቀቱን አጥፎ ሰጣትና ልጅ ነበርሽ ማለት ነው አላት። ጥፋቷን ስላመነች መዝገቡ ታርሞ ልጅ ሆነች፣ ዝም ብትል ግን የሃያ ስምንት ዓመት ጥፋተኛ ሆና ትኖር ነበር። ሀሴት ባንኮኒውን ተደግፋ ቆመች። የተሰለፉት ሰዎችም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ጠበቋት።

በማግስቱ ቁልቁለት ሠፈር ባዶ ቀረ፤ ሰው ሁሉ ሱቅ ነው። መሰላል በአንድ ጠዋት አለቀ። የአማርኛ መምህሯ ግማሽ ኪሎ አላለችም፤ ሁለት ኪሎ ቅቤ ገዝታ ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች። የተከፉም አልጠፉም። አቶ ኤልያብ የሚባሉ ሰው አውቶቡስ ላይ የሽማግሌ ወንበር ከያዙ አምስት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ አሁን መቆም ሊኖርባቸው ነው። ለሀሴት አንገታቸውን እየነቀነቁ ወጣትነት እንደማይስማማቸው ነገሯት። እሷ ራሷም በወረቀት ሃምሳ አንድ ነበረች፤ ወደ አርባ አራቷ ተመለሰች። ጨው እስክትከለከል ገና ዐሥራ አንድ ዓመት አላት፤ ማታ ወጧ ላይ ጨው በደንብ ጨመረችበት።

ጋሼ ናሆምና እትዬ ሩሐማ ሊመሽ ሲል መጡ፤ ሠርጉ ነገ ነው። ያው ፍራሽ ነው፣ ያው ዐሥራ አምስት ዓመት። እትዬ ሩሐማ ፊቷን አሳየች፤ አረንጓዴ። ጋሼ ናሆም ኮፍያውን አወለቀ፤ ጸጉሩን ለነገው ተቆርጦታል፣ ከጆሮው በላይ ምላጭ የነካው ትንሽ ቁስል አለው። መብራቷ ጥቂት ዘገየች። እትዬ ሩሐማ እጁን ያዘችው። አረንጓዴ በራ።

የቀረው ቃል የሀሴት ነበር፤ በቀን አራት መቶ ጊዜ የምትለው። ሁለቱንም አየቻቸው፤ የተቆረጠውን ጸጉር፣ ቁስሉን፣ የእትዬ ሩሐማን መነጽር፣ የተያያዘውን እጃቸውን።

«አይቻለሁ» አለች።

ፍራሹ ተጠቅልሎ ሲመጣ ጋሼ ናሆም የዋስትናውን ወረቀት ተቀበለና ቀኑን በጣቱ ተከትሎ አነበበ። ዓመቱ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፏል፤ አዲስ ደንብ ነው፣ ከትናንት ጀምሮ።

«ያኔ ሰባ ሰባት እሆናለሁ» አለ። «ከተበላሸ ራሴ አምጥቼ አስቀይረዋለሁ።»

«ያምጡት፣ ጋሼ» አለችው ሀሴት። «እኔም እዚሁ ነኝ።»